የአከርካሪ ማደንዘዣ መድኃኒቶች፦ ልዩነታቸውና ለቀዶ ሕክምናዎ የሚመረጡበት አግባብ

በቀጠሮ የሚከናወን ቀዶ ሕክምና የተወሰነላቸው ተገልጋዮች ስለ ሕመማቸውና ስለ ቀዶ ሕክምናው ከሐኪማቸው ጋር ይወያያሉ። ስለ ማደንዘዣው ግን ብዙዎቹ በዝርዝር የሚሰሙት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊገቡ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩ ነው። በዚህም የተነሳ «ወገቤን አልወጋም» ብለው ቀጠሯቸውን የሚያራዝሙ አሉ፤ በአንጻሩም «ከሁሉ ጠንካራው መድኃኒት ይሰጠኝ» ብለው የሚጠይቁ አሉ። ሁለቱም አቋሞች የሚመነጩት ከመረጃ እጥረት ነው።

ለአከርካሪ ማደንዘዣ የሚውሉ መድኃኒቶች ከአንድ በላይ ናቸው። ዋናው ልዩነታቸው ጥንካሬያቸው ሳይሆን የሚቆዩበት ጊዜ ነው። በመሆኑም «የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ «ለየትኛው ቀዶ ሕክምና፣ ለየትኛውስ ታካሚ?» ከሚለው ተነጥሎ መልስ ሊሰጠው አይችልም። ይህ ጽሑፍ መድኃኒቶቹ በምን እንደሚለያዩ፣ ምርጫው እንዴት እንደሚከናወን እንዲሁም ተገልጋዩ ከቀጠሮው ቀን በፊትና በኋላ ማድረግ ስለሚገባው ነገር ያብራራል።

የአከርካሪ ማደንዘዣ ምን ዓይነት ሕክምና ነው?

በሙሉ ሰመመን ታካሚው ንቃቱን ያጣል፤ አተነፋፈሱም በባለሙያና በመሣሪያ ይታገዛል። በአከርካሪ ማደንዘዣ ግን ታካሚው ነቅቶ ይቆያል፤ በራሱ ይተነፍሳል። ሕመም የማይሰማውና ለጊዜው የማይንቀሳቀሰው የታችኛው የሰውነቱ ክፍል ብቻ ነው። መነካትንና መጎተትን የሚመስል ስሜት ሊኖር ይችላል፤ ሕመም ግን ሊኖር አይገባም።

ሕክምናው የሚሰጠው በታችኛው የጀርባ ክፍል፣ በሁለት የአከርካሪ አንጓዎች መካከል በሚገባ ቀጭን መርፌ ነው። መድኃኒቱ የሚገባው ነርቮችን ወደ ከበበው ፈሳሽ ውስጥ ነው። እዚያም በነርቮቹ ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈውን የሶዲየም እንቅስቃሴ ለጊዜው ይገታል። መድኃኒቱ በደም ተወስዶ መጠኑ ሲቀንስ ነርቮቹ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ብዙዎች «መርፌው ሕብለ ሰረሰሬን ይወጋዋል» ብለው ይሰጋሉ። የአዋቂ ሰው ሕብለ ሰረሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አንጓ አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በአብዛኛው በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው አንጓ መካከል ነው። ባለሙያው ጀርባዎን ደጋግሞ በጣቱ የሚዳስሰው ይህንኑ ቦታ ለመለየት ነው።

ይህ የማደንዘዣ ዓይነት ከእምብርት በታች ለሚደረጉ በርካታ ቀዶ ሕክምናዎች ያገለግላል። ከእነዚህም መካከል ቀጠሮ የተያዘለት የቀዶ ወሊድ፣ የብሽሽት ቡአ፣ የኪንታሮት፣ የፕሮስቴት፣ የማሕፀን መውረድና የፊስቱላ እንዲሁም የጭንና የእግር አጥንት ስብራት ሕክምናዎች ይገኙበታል።

ሕክምናው ከ125 ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው። ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም አውጉስት ቢር እ.ኤ.አ. በ1898 በኪል ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀዶ ሕክምና ሲጠቀምበት የነበረው መድኃኒት ኮኬይን ነበር። ኮኬይን ከነበረበት ጉዳት የተነሳ በሌሎች መድኃኒቶች እየተተካ መጥቷል። ሊዶኬይን እ.ኤ.አ. በ1943፣ ቡፒቫኬይን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 በስዊድን ተቀመሙ። ዛሬም በስፋት የሚታወቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

መድኃኒቶቹ የሚነጻጸሩባቸው መመዘኛዎች

የሰመመን ባለሙያው መድኃኒት ሲመርጥ በዋናነት የሚከተሉትን ጉዳዮች ይመዝናል።

1. የሚቆይበት ጊዜ፦ መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምናው ሳያልቅ ሊለቅ አይገባም። ከሚያስፈልገው በላይ መቆየቱም ጉዳት ባይሆን እንኳ የታካሚውን መነሣት፣ መሽናትና ወደ ቤት መመለስ ያዘገያል።

2. በፈሳሹ ውስጥ ያለው ክብደት፦ አንዳንዱ የመድኃኒት ዝግጅት ግሉኮስ ስለተጨመረበት በአከርካሪ ውስጥ ካለው ፈሳሽ ይከብዳል። ይህ ዓይነቱ በባለሙያዎች ዘንድ «ሄቪ» ይባላል። ከባድ በመሆኑ ወደታች ስለሚወርድ፣ ባለሙያው የታካሚውን አቀማመጥ ወይም የአልጋውን ዘንበልታ በመለወጥ ድንዛዜው የት እንደሚደርስ መምራት ይችላል። ከመርፌው በኋላ «ቶሎ ይተኙ» ወይም «ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጠው ይቆዩ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

3. የጎንዮሽ ጉዳት፦ የደም ግፊት መቀነስ፣ ሽንት ለጊዜው አልወጣ ማለት ወይም ድንዛዜው ከለቀቀ በኋላ የሚመጣ ሕመም በመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ይለያያል።

4. መገኘቱ፦ በጤና ተቋሙ የሚገኝና ባለሙያው በደንብ የሚያውቀው መድኃኒት፣ በሌላ አገር ከሚወደስ ነገር ግን በተቋሙ ከማይገኝ መድኃኒት ይመረጣል።

የመድኃኒቶቹ ንጽጽር

ቡፒቫኬይን

በአገራችን ለአከርካሪ ማደንዘዣ በስፋት ጥቅም ላይ የሚውለው ግሉኮስ የተጨመረበት 0.5 በመቶ ቡፒቫኬይን ነው። 0.5 በመቶ ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ሚሊግራም መድኃኒት አለ ማለት ነው። ለአዋቂ ሰው በተለምዶ የሚሰጠው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነትና እንደ ታካሚው ሁኔታ ሊቀንስ ወይም ሊጨምር ይችላል።

በተለመደው መጠን ለቀዶ ሕክምና የሚበቃው ድንዛዜ ከ2 እስከ 3 ሰዓታት ያህል ይቆያል። እግር ሙሉ በሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ግን ከዚያ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ለቀዶ ወሊድ፣ ለአጥንት፣ ለፕሮስቴትና ለማሕፀን ሕክምና ምቹ ነው። ድንዛዜው ከለቀቀ በኋላ በመቀመጫና በጭን ላይ ሕመም የማስከተል ዕድሉም ዝቅተኛ ነው።

ድክመቱ ለአጭር ሕክምና ረጅም መሆኑ ነው። በ30 ደቂቃ ለሚያልቅ የኪንታሮት ሕክምና ሙሉ መጠን ከተሰጠ፣ ታካሚው ሕክምናው ካበቃ በኋላም ለሰዓታት መነሣት አይችልም፤ ሽንት የመያዝ ዕድሉም ይጨምራል። ባለሙያዎች ይህንን የሚያቃልሉት የመድኃኒቱን መጠን በመቀነስ ነው። ሆኖም መጠኑ እጅግ ሲያንስ ድንዛዜው የማይበቃበት አጋጣሚ ስለሚኖር ሚዛኑን የሚወስነው ባለሙያው ነው።

ሊዶኬይን

ሊዶኬይን ቶሎ ይጀምራል፤ ከ1 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ቆይቶም ይለቃል። ለአጭር ቀዶ ሕክምና ምቹ መስሎ የሚታየውም ለዚህ ነው፤ ለረጅም ዓመታትም በዓለም ዙሪያ በስፋት አገልግሏል።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ ድንዛዜው ከለቀቀ በኋላ በመቀመጫ፣ በጭንና በእግር ላይ የሚሰማ ሕመም በሊዶኬይን ከታከሙ ሰዎች ዘንድ በብዛት መኖሩ ተስተውሏል። ሕመሙ በአብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ይጀምርና በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ በነርቭ ላይ የሚተወው ዘላቂ ምልክትም የለም። በተለይ እግር ከፍ ተደርጎና ተከፍቶ በሚከናወን ቀዶ ሕክምና ላይ ይበዛል። የሕክምና ጥናቶችን በማጣመር የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምገማ፣ ይህ ሕመም ከሊዶኬይን ይልቅ በቡፒቫኬይን፣ በፕሪሎኬይንና በሌሎችም መድኃኒቶች ያነሰ መሆኑን አመልክቷል።

በዚህም ምክንያት ሊዶኬይን ለአከርካሪ የሚሰጥበት አጋጣሚ በብዙ አገሮች ቀንሷል። ይህ ማለት ግን ሊዶኬይን መጥፎ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ጥርስ ሲነቀል፣ ቁስል ሲሰፋና በሌሎችም ሕክምናዎች ቆዳንና ሥጋን ለማደንዘዝ ዛሬም ዋነኛ መድኃኒት ነው። ለአከርካሪ ከተመረጠም ምክንያቱንና ሊከተል የሚችለውን ሕመም አስቀድሞ ማወቅ የተገልጋዩ መብት ነው።

ክሎሮፕሮኬይንና ፕሪሎኬይን

እነዚህ በዕለቱ ታክመው በዕለቱ ወደ ቤታቸው ለሚመለሱ ታካሚዎች የሚመረጡ አጭር ቆይታ ያላቸው መድኃኒቶች ናቸው። ክሎሮፕሮኬይን ከሁሉም ፈጥኖ ይለቃል፤ በአውሮፓ የተፈቀደው ከ40 ደቂቃ ለማይበልጥ ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ በአሜሪካ ለአከርካሪ እንዲውል የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ግሉኮስ የተጨመረበት 2 በመቶ ፕሪሎኬይን ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ለሚሆን ጊዜ ይቆያል። ሁለቱም ታካሚው ቶሎ እንዲነሣና ቶሎ እንዲሸና በማስቻል ይመሰገናሉ። ቀዶ ሕክምናው ከታሰበው በላይ ከረዘመ ግን ድንዛዜው ቀድሞ ሊለቅ መቻሉ ድክመታቸው ነው።

ሮፒቫኬይንና ሌቮቡፒቫኬይን

እነዚህ የቡፒቫኬይን የቅርብ ዘመዶች ናቸው። የተዘጋጁበት ዋነኛ ምክንያት ቡፒቫኬይን በብዛት ወይም በስህተት ወደ ደም ሥር ሲገባ በልብ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ነው። ሌቮቡፒቫኬይን በአከርካሪ ውስጥ ከቡፒቫኬይን ጋር እጅግ ተቀራራቢ ነው። ሮፒቫኬይን ደግሞ በተመሳሳይ መጠን ሲሰጥ ቆይታው ያጥራል፤ የእግር እንቅስቃሴም ቶሎ ይመለሳል።

ተገልጋዮች እዚህ ላይ አንድ ነጥብ እንዲያስተውሉ ያስፈልጋል። ለአከርካሪ ማደንዘዣ የሚሰጠው የመድኃኒት መጠን ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ አዲሶቹ መድኃኒቶች ለልብ ያላቸው ብልጫ ጎልቶ የሚታየው ብዙ መጠን በሚያስፈልግባቸው ሌሎች የማደንዘዣ ዓይነቶች እንጂ በአከርካሪ ማደንዘዣ አይደለም። አንድ መድኃኒት አዲስ ወይም ውድ መሆኑ ብቻውን ለእርስዎ ሕክምና የተሻለ አያደርገውም።

ከማደንዘዣው ጋር የሚቀላቀሉ መድኃኒቶች

ባለሙያው አንዳንድ ጊዜ በማደንዘዣው ላይ እጅግ ጥቂት ፈንታኒል ወይም ሞርፊን ይጨምራል። ፈንታኒል በቀዶ ሕክምናው ወቅት ያለውን የሕመም መከላከል ያጠናክራል። ሞርፊን ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ሕመም ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ቀን ድረስ ያስታግሳል። ማሳከክና ማቅለሽለሽ የተለመዱ የጎንዮሽ ስሜቶች ናቸው። ሞርፊን አልፎ አልፎ አተነፋፈስን ሊያዘገይ ስለሚችል የተሰጠው ታካሚ በቅርብ ክትትል ሥር መቆየት ይኖርበታል።

ምርጫው በተግባር እንዴት ይከናወናል?

የሚከተሉት ምሳሌዎች አንድ መድኃኒት ለሁሉም እንደማይመረጥ ያሳያሉ።

• የጭን አጥንት ስብራት ያለባቸው አረጋዊ፦ ሕክምናው ከአንድ ሰዓት ሊበልጥ ስለሚችል ረጅም ቆይታ ያለው ቡፒቫኬይን ተስማሚ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች የደም ግፊታቸው ፈጥኖ ሊወርድ ስለሚችል ግን መጠኑ ይቀነሳል።

• ቀጠሮ የተያዘለት የቀዶ ወሊድ፦ ድንዛዜው እስከ ደረት ታችኛው ክፍል መድረስ አለበት። በእርግዝና ወቅት መድኃኒቱ በቀላሉ ወደላይ ስለሚሠራጭ ለእናት የሚሰጠው መጠን ብዙውን ጊዜ ያንሳል። በአገራችን የተለመደው ሄቪ ቡፒቫኬይን ሲሆን ለብቻው ወይም ከፈንታኒል ጋር ይሰጣል።

• በዕለቱ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ የኪንታሮት ታካሚ፦ አጭር ቆይታ ያለው መድኃኒት ካለ ይመረጣል። ከሌለ ደግሞ አነስተኛ መጠን ያለው ሄቪ ቡፒቫኬይን ታካሚው ተቀምጦ እንዳለ ተሰጥቶ ድንዛዜው በመቀመጫ አካባቢ ብቻ እንዲወሰን ማድረግ ይቻላል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች እንደሚታየው የመድኃኒቱ ስም ብቻውን ውሳኔ አይሆንም። ተመሳሳይ ብልቃጥ ውስጥ ያለ መድኃኒት በመጠኑና በታካሚው አቀማመጥ የተለየ ሥራ ይሠራል።

በሁሉም መድኃኒቶች ላይ ሊያጋጥሙ የሚችሉ ችግሮች

የደም ግፊት መቀነስ፦ በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ወይም ልብን የማፈን ስሜት ሲሰማዎ ወዲያውኑ ለባለሙያው ይንገሩ። በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና የደም ግፊትን ከፍ በሚያደርግ መድኃኒት በደቂቃዎች ውስጥ ይስተካከላል።

መንቀጥቀጥ፣ ማሳከክና ሽንት መያዝ፦ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ያልፋሉ። ሽንት ከተያዘ ለጊዜው የሽንት ቱቦ ሊገባ ይችላል።

የራስ ምታት፦ መነሻው መድኃኒቱ ሳይሆን መርፌው ባለፈበት ቀዳዳ በኩል የሚወጣው ፈሳሽ ነው። ሲቀመጡ ወይም ሲቆሙ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል መሆኑ ዋነኛ መለያው ነው። ቀጭንና ጫፉ እንደ እርሳስ የሆነ መርፌ መጠቀም በእጅጉ ይቀንሰዋል። በፈሳሽ፣ በሕመም ማስታገሻና በዕረፍት ካልተሻለ በሆስፒታል የሚሰጥ ሕክምና ስላለው ችላ ብለው ቤት አይቀመጡ።

የወገብ ሕመም፦ መርፌው በገባበት ቦታ ለጥቂት ቀናት የሚቆይ ሕመም የተለመደ ነው። የአከርካሪ ማደንዘዣ ለዓመታት የሚዘልቅ የወገብ ሕመም ያስከትላል የሚለው በኅብረተሰቡ ዘንድ የተስፋፋ አስተሳሰብ ግን በጥናት አልተደገፈም። በተለይ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የወገብ ሕመም ያለ ማደንዘዣ በወለዱ እናቶችም ላይ በብዛት ይታያል፤ እርግዝናው ራሱ፣ ሕፃን ማዘልና ጎንበስ ብሎ ማጥባት አስተዋጽኦ አላቸው።

ዘላቂ የነርቭ ጉዳት፦ ሊከሰት ይችላል፤ ሆኖም እጅግ ብርቅ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነ አገር አቀፍ ጥናት፣ በአከርካሪና በአከርካሪ ዙሪያ ከሚሰጡ 100,000 ማደንዘዣዎች ውስጥ ዘላቂ ጉዳት ያስከተሉት ከ2 እስከ 4 ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። የእነዚህ ጉዳቶች ዋና ዋና መንስኤዎች በአከርካሪ ውስጥ የሚፈጠር የደም መፍሰስና ኢንፌክሽን በመሆናቸው፣ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ጥያቄዎች በግልጽ መመለሳቸው ሕይወትን የሚመለከት ጉዳይ ነው።

የድንዛዜው አለመሟላት፦ መርፌው በትክክል ቢሰጥም ድንዛዜው የማይበቃበት ጊዜ አለ። ባለሙያው ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት በቅዝቃዜ ወይም በመቆንጠጥ የሚፈትነው ለዚህ ነው። በፍተሻው ወቅት የሚሰማዎትን እንዳለ ይናገሩ፤ አፍረው ወይም ፈርተው «አልተሰማኝም» አይበሉ። ድንዛዜው ካልበቃ ሊደገም ወይም ወደ ሙሉ ሰመመን ሊዞር ይችላል።

ለባለሙያው ሊነገሩ የሚገባቸው ጉዳዮች

• ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ መድኃኒቶችን ለምሳሌ ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል ወይም በመርፌ የሚሰጥ ሄፓሪን የሚወስዱ ከሆነ ይግለጹ። አስፕሪን ብቻ መውሰድ አብዛኛውን ጊዜ አይከለክልም። የትኛውንም መድኃኒት ግን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ መቼ እንደሚቆም ሐኪምዎ ይነግርዎታል።
• ሲቆረጡ ደም ቶሎ የማይቆምልዎ ከሆነ ወይም በቤተሰብዎ እንዲህ ያለ ችግር ካለ።
• በጀርባዎ ቆዳ ላይ ቁስል ወይም መግል፣ በሰውነትዎም ትኩሳት ካለ።
• የልብ በተለይም የልብ በር መጥበብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የነርቭ ሕመም ካለብዎ።
• ከዚህ በፊት በማደንዘዣ፣ የጥርስ ማደንዘዣን ጨምሮ፣ ያጋጠመዎ ችግር ካለ።
• የባህል መድኃኒት የሚወስዱ፣ ጫት የሚቅሙ ወይም አልኮል የሚጠጡ ከሆነ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚለውጥ መጨረሻ የቃሙበትን ጊዜ መደበቅ ጉዳቱ ለራስዎ ነው።

የአከርካሪ ማደንዘዣ ለእርስዎ የማይስማማ ሆኖ ከተገኘ ሌላ አማራጭ ይቀርብልዎታል። ታካሚው የማይፈልግ ከሆነም ማደንዘዣው አይሰጥም።

ከምግብና ከመጠጥ ስለ መከልከል

የአከርካሪ ማደንዘዣ ወደ ሙሉ ሰመመን ሊለወጥ ስለሚችል ሆድ ባዶ መሆን አለበት። በአጠቃላይ ከቀላል ምግብና ከወተት 6 ሰዓት፣ ሥጋና ቅባት ከበዛበት ምግብ ደግሞ 8 ሰዓት አስቀድሞ መከልከል ያስፈልጋል። ንጹሕ ውኃና ወተት ያልገባበት ሻይ ወይም ቡና እስከ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ይፈቀዳል። ጸበልና ዘምዘምም የሚቆጠሩት እንደ ውኃ ነው። አጥሚት፣ በሶና ጭማቂ ግን እንደ ምግብ እንጂ እንደ ውኃ አይታዩም። ተቋሙ የተለየ ሰዓት ከነገረዎ ያንኑ ይከተሉ።

በጾም ወቅት ለረጅም ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ መቆየት ሰውነትን ስለሚያደርቅ የደም ግፊት መቀነሱን ሊያባብሰው ይችላል። ቀጠሮዎ በጾም ወቅት ከዋለ ይህንኑ አስቀድመው ለባለሙያው ያሳውቁ።

መድኃኒቱን ከውጭ እንዲገዙ ከተጠየቁ

መድኃኒቱ በተቋሙ ሳይኖር ቀርቶ ከውጭ እንዲገዙ ከታዘዙ የሚከተሉትን ያስተውሉ። ቡፒቫኬይን ግሉኮስ የተጨመረበትና ያልተጨመረበት በሚል ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱ በሌላው አይተካም። ስለዚህ የታዘዘው ስም፣ በመቶኛ የተጻፈው መጠንና «ሄቪ» የሚለው ቃል በትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ በግልጽ መጻፉን ያረጋግጡ። ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ብቻ ይግዙ፤ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን ይመልከቱ፤ ደረሰኝ ይያዙ። ብልቃጡን ሳይከፍቱ፣ ከማሸጊያው ሳያወጡና ፀሐይ ላይ ሳያቆዩ ለሰመመን ባለሙያው ያስረክቡ።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ ሥርዓት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ደም ለማቆም የሚውለው ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለ መድኃኒት ብልቃጡ ከቡፒቫኬይን ጋር በመመሳሰሉ በስህተት በአከርካሪ ተሰጥቶ ከባድ ጉዳትና ሞት ማስከተሉን ገልጿል። ሁለቱ መድኃኒቶች ተለያይተው እንዲቀመጡና ከመሰጠታቸው በፊት ስማቸው እንዲነበብ አሳስቧል። ታካሚው ነቅቶ ስለሚቆይ «የሚሰጠኝ መድኃኒት ስሙ ማን ይባላል?» ብሎ መጠየቁ ነውር አይደለም፤ ተጨማሪ ፍተሻ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

ስሜትና ጉልበት ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ብቻዎን ከአልጋ አይነሡ። በደነዘዘ እግር ላይ የሞቀ ውኃ ጠርሙስ ወይም ማንኛውንም ትኩስ ነገር አያስቀምጡ፤ ሳይሰማዎት ሊያቃጥልዎ ይችላል። በዕለቱ ወደ ቤትዎ የሚመለሱ ከሆነ አብሮዎት የሚሄድ ሰው ይኑር፤ በዚያ ቀን መኪና አያሽከርክሩ።

ከሚከተሉት አንዱ ካጋጠመዎ ሳይዘገዩ ወደ ታከሙበት ተቋም ይመለሱ፦

• እግርዎ ከተነገረዎ ሰዓት በኋላም ደንዝዞ ወይም ደክሞ ከቆየ፣ ወይም ከለቀቀ በኋላ ተመልሶ ከደነዘዘ፤
• ከባድና እየጨመረ የሚሄድ የጀርባ ሕመም፤
• ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ ወይም ሽንት ፈጽሞ አለመውጣት፤
• ትኩሳት፣ የአንገት መገተር ወይም ሲቀመጡ የሚብስ ጽኑ ራስ ምታት።

በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአከርካሪ ውስጥ የሚፈጠር የደም መፍሰስ ወይም መግል ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። በሰዓታት ውስጥ ከታወቁ የሚድኑ፣ ከዘገዩ ግን የአካል ጉዳት የሚያስከትሉ በመሆናቸው «ነገ ይሻለኛል» ብሎ ማደር አይገባም።

ፈቃድ ከመስጠትዎ በፊት ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

የስምምነት ቅጹን መፈረም የማንበብና የመጠየቅ መብትን አያስቀርም። ቅጹን ማንበብ የማይችሉ ተገልጋዮች በሚገባቸው ቋንቋ እንዲብራራላቸው መጠየቅ ይችላሉ። የሚከተሉት ጥያቄዎች ለውይይቱ ይረዳሉ።

1. ለእኔ የታሰበው መድኃኒት የትኛው ነው? ለምንስ ተመረጠ?
2. ቀዶ ሕክምናው ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ድንዛዜውስ እስከ መቼ ይቆያል?
3. ድንዛዜው ባይበቃ ወይም ቀድሞ ቢለቅ ምን ይደረጋል?
4. ነቅቼ መቆየቱ ቢያስፈራኝ የሚያረጋጋ መድኃኒት ማግኘት እችላለሁ?
5. ድንዛዜው ሲለቅ ለሚመጣው ሕመም ምን ተዘጋጅቷል?
6. መቼ መነሣት፣ መብላትና ወደ ቤቴ መመለስ እችላለሁ?

በቂ ማብራሪያ ያላገኘ ተገልጋይ የሰመመን ባለሙያውን ወይም የቀዶ ሕክምና ቡድኑን ኃላፊ ማነጋገር፣ ካልሆነም ለጤና ተቋሙ የቅሬታ ማስተናገጃ ክፍል ማመልከት ይችላል። ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዘ ያልተጠበቀ ጉዳት ሲያጋጥም ደግሞ ለሕክምና ባለሙያው ማሳወቅ ተገቢ ነው። ባለሙያው ሪፖርቱን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚያቀርብበት አሠራር አለ።

በአጠቃላይ፣ ለቀዶ ሕክምና ከሚበቃ ጊዜ በላይም በታችም ሳይሆን ልክ በሚያስፈልገው መጠን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ለዚያ ታካሚ ጥሩ መድኃኒት ነው። ያንን ልክ የሚያገኘው ባለሙያው ቢሆንም፣ የሚመዝነው ግን ከተገልጋዩ በሚያገኘው መረጃ ነው። ስለዚህ በቀጠሮዎ ቀን የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው፣ የቀድሞ የሕክምና ማስረጃዎችዎን እንዲሁም ጥያቄዎችዎን በወረቀት ጽፈው ይዘው ይቅረቡ።